መምረጥን የሚያስተምር መምረጥ ነው፤ ስለ እንግሊዝ ፓርላማና ስለ እኛ ምክር ቤት

«ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» እያሉ አባቶቻችን ይተርቱ ነበር። ይህ ተረት በብዙ አገር ለብዙ ዘመን እውነት ሆኖ ኖሯል። ሰማይ እስከ ዛሬ አልታረሰም፤ ነገር ግን ንጉሥ ይከሰስ ዘንድ እንደሚቻል፣ ከመከሰሱም በፊት በምክርና በሕግ ሊገታ እንደሚገባው ለዓለም ካሳዩት ሕዝቦች አንዱ የእንግሊዝ ሕዝብ ነው። ይህንንም ያደረገው በአንድ ቀን ጦርነት ወይም በአንድ ብልህ ሰው ብዕር አይደለም፤ ፓርላማ የሚባለውን ጉባኤ ለሰባት መቶ ዓመታት ያህል እየሠራ፣ እያፈረሰ፣ እንደገናም እየሠራ ነው እንጂ።

ውድ አንባቢ ሆይ፤ በዚህ በከዚራ በሚገኘው ትምህርት ቤታችን ታሪክና የዜግነት ትምህርት ስንማር፣ በዕረፍትም ሰዓት ከዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠን ስንከራከር ስለ ፓርላማ ሁለት ዐይነት አስተያየት ሲነገር እሰማለሁ። አንደኛው «ፓርላማ የፈረንጅ ነገር ነው፤ ለእኛ አይስማማንም» የሚል ነው። ሁለተኛው ደግሞ «ሕገ መንግሥቱ በጥሩ ቃል ከተጻፈ ይበቃል፤ የቀረውን ምክር ቤቱ ራሱ ይሠራዋል» የሚል ነው። እኔ በበኩሌ ሁለቱም አስተያየቶች ጎደሎ ናቸው እላለሁ። ምክንያቴንም በታሪክ ማስረጃ ለማስረዳት እሞክራለሁ። የእንግሊዝን ታሪክ በአውሮፓ፣ የአገራችንን ደግሞ በኢትዮጵያ ዘመን አቆጣጠር የምጽፍ መሆኔን አንባቢ ያስተውልልኝ።

የእንግሊዝ ፓርላማ ስለ ነጻነት ታስቦ የተቋቋመ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። እውነቱ ግን ሌላ ነው፤ ፓርላማ የተወለደው ከገንዘብ ችግር ነው። በ13ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የነገሠው ንጉሥ ጆን በጦርነት ገንዘቡን ስለ ጨረሰ በመኳንንቱ ላይ ከልማድ ውጭ የሆነ ግብር ጣለባቸው። መኳንንቱም አምፀው በሰኔ 1215 ዓ.ም. በቴምስ ወንዝ አጠገብ ራኒሚድ በተባለው ሜዳ ላይ ማግና ካርታ የተባለውን ታላቅ ቃል ኪዳን አስፈረሙት። በዚያም ላይ ንጉሡ ያለ አገሩ ምክር አዲስ ግብር እንዳይጥል፣ ነጻ የሆነም ሰው ያለ ሕጋዊ ፍርድ እንዳይታሰር ተጻፈ። ይህ ቃል ኪዳን በዚያው ዓመት በሮማው ፓፓ ተሽሯል፤ ሆኖም በኋላ የመጡት ነገሥታት ገንዘብ በቸገራቸው ቁጥር ደግመው ደጋግመው ለማጽናት ተገደዱ።

ከዚህ በኋላ በ1265 ሲሞን ደ ሞንፎርት የተባለው መስፍን በንጉሡ ላይ ተነሥቶ ሳለ አንድ ጉባኤ ጠራ። በዚህም ጉባኤ መኳንንትና ጳጳሳት ብቻ ሳይሆኑ ከየአውራጃው ሁለት ባላባቶች፣ ከየከተማውም ሁለት ሁለት ሰዎች እንዲመጡ አደረገ። ሲሞን በዚያው ዓመት በጦርነት ሞተ፤ ሐሳቡ ግን አልሞተም። በ1295 ንጉሥ ቀዳማዊ ኤድዋርድ ራሱ፣ ለጦርነቱ ገንዘብ ሲፈልግ፣ ያንኑ መንገድ ተከትሎ የከተማና የገጠር እንደራሴዎችን ጠራ። ንጉሡ የጠራቸው ሊያከብራቸው ብሎ አልነበረም፤ ገንዘቡ በእነርሱ እጅ ስለ ነበረ ነው። እነርሱም ቀስ በቀስ አንድ ነገር ተማሩ፤ ይኸውም ገንዘቡን ከመስጠታቸው በፊት በደላቸውን ማቅረብና መልስ መጠየቅ እንደሚችሉ ነው። የፓርላማ ሥር መሠረቱ ይህ ልማድ ይመስለኛል።

በ1376 የተራው ሕዝብ ምክር ቤት ፒተር ደ ላ ሜር የተባለውን ሰው አፍ ሆኖ እንዲናገርለት መረጠ። ይህ ሰው የንጉሡን ባለሟሎች በሙስና በድፍረት ስለ ከሰሰ ከጉባኤው በኋላ ታስሯል። እኛ በአማርኛችን የምክር ቤቱን መሪ «አፈ ጉባኤ» ብለን መጥራታችን እንዴት ያማረ ነገር ነው! አፈ ጉባኤ ማለት የጉባኤው አፍ እንጂ የሹሙ ጆሮ ማለት አይደለም። የዚህን ስም ትርጕም ከሁሉ ይልቅ በሥራ ያሳየው ዊሊያም ሌንታል ነው። በጥር 1642 ንጉሥ ቀዳማዊ ቻርልስ ወታደሮች አስከትሎ ወደ ምክር ቤቱ ገብቶ አምስት እንደራሴዎችን ሊይዝ ፈለገ። አምስቱ አስቀድመው ሸሽተው ነበርና ንጉሡ የት እንዳሉ አፈ ጉባኤውን ጠየቀው። ሌንታል ተንበርክኮ በትሕትና፣ ነገር ግን በጽናት፣ ምክር ቤቱ ካላዘዘው በቀር የሚያይበት ዐይንም የሚናገርበት አንደበትም እንደሌለው መለሰለት። ከዚያን ቀን ወዲህ የእንግሊዝ ንጉሥ ወደዚያ ምክር ቤት አዳራሽ አይገባም።

ቀጥሎ የመጣው ግን መልካም ብቻ አልነበረም። ጦርነት ሆነ፤ በ1649 ንጉሡ ተፈርዶበት አንገቱ ተቀላ። ንጉሡን ያሸነፈው ኦሊቨር ክሮምዌል በ1653 ዓ.ም. በተራው ወታደሮች ይዞ ገብቶ የቀሩትን እንደራሴዎች በተነ። ከዚህ ታሪክ ብዙ ትምህርት ይገኛል። ንጉሥን ማስወገድና ሕዝብን ባለ ሥልጣን ማድረግ አንድ ነገር አይደሉም። ዘውድ የሌለው ሰውም ጠመንጃ ከያዘ ምክር ቤት ሊዘጋ ይችላል። እንግሊዞች ይህን ካዩ በኋላ በ1660 ንጉሥ መለሱ፤ በ1689 ግን የመብት ሕግ አውጥተው ንጉሥ ያለ ፓርላማ ፈቃድ ግብር እንዳይጥል፣ በሰላም ጊዜም ጦር እንዳያቆም፣ በፓርላማ ውስጥ የተነገረም ቃል በሌላ ቦታ እንዳያስከስስ ደነገጉ።

እንግዲህ በዚህ ጊዜ የእንግሊዝ ሕዝብ ነጻ ወጣ ለማለት ይቻላልን? አይቻልም። ፓርላማው ከንጉሡ ነጻ ሆነ እንጂ ሕዝቡ ከባለጠጋው ነጻ አልሆነም ነበር። ኦልድ ሳረም የተባለው ቦታ ነዋሪ የሌለበት ኮረብታ ሆኖ ሳለ ሁለት እንደራሴ ይልክ ነበር። ከ100,000 በላይ ሕዝብ የነበረው የፋብሪካ ከተማ ማንቸስተር ግን እስከ 1832 አንድ እንኳ የራሱ እንደራሴ አልነበረውም። ድምፅም የሚሰጠው በአደባባይ፣ በቃል ስለ ነበረ ጭሰኛው ጌታው ፊት ቆሞ የጌታውን ሰው ስም ከመጥራት በቀር ምን ምርጫ ነበረው? በነሐሴ 1819 በማንቸስተር ሜዳ ላይ በሰላም ተሰብስቦ የመምረጥ መብት የጠየቀውን ሕዝብ ፈረሰኞች በሰይፍ በትነውት ከ10 የሚበልጡ ሰዎች ሞቱ፤ ብዙ መቶ ሰዎችም ቆሰሉ።

በዚያን ዘመን የነበሩት ባለ ሥልጣኖች የሚሰጡት ምክንያት ሁልጊዜ አንድ ነበር። «ሠራተኛው አልተማረም፤ ለመምረጥ ገና አልበቃም» ይሉ ነበር። በ1838 ቻርቲስት የተባሉት ሠራተኞች ስድስት ጥያቄ ይዘው ተነሡ፤ እነርሱም ለአካለ መጠን ለደረሰ ወንድ ሁሉ የመምረጥ መብት፣ በምስጢር ድምፅ መስጠት፣ ለተመራጭ የንብረት መመዘኛ እንዳይጠየቅ፣ ለእንደራሴ ደመወዝ፣ እኩል የምርጫ ወረዳ፣ በየዓመቱም ምርጫ የሚሉ ናቸው። በ1842 ከሦስት ሚሊዮን በላይ ፊርማ ያለበት አቤቱታ አቀረቡ፤ ፓርላማው ግን ሳይቀበለው ቀረ። ይሁን እንጂ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳልና፣ በ1832፣ በ1867ና በ1884 የመራጮች ቁጥር እየሰፋ ሄደ፤ በ1872 የምስጢር ድምፅ ታወጀ፤ በ1911 ለእንደራሴዎች ደመወዝ ተቆረጠ። ከስድስቱ ጥያቄዎች ሳይፈጸም የቀረው በየዓመቱ ይመረጥ የሚለው ብቻ ነው። ሴቶችም በ1918 ከሠላሳ ዓመት በላይ የሆናቸውና መመዘኛውን ያሟሉት፣ በ1928 ደግሞ ሁሉም ከወንዶች እኩል መብት አገኙ። ከሲሞን ደ ሞንፎርት ጉባኤ እስከዚህ ቀን 663 ዓመት መሆኑን ልብ ይሏል።

ለሴቶች መብት ከታገሉት መካከል ለአገራችን ባለውለታ የሆነች አንዲት ሴት መጥቀስ ይገባኛል። ሲልቪያ ፓንክረስት ስለ ሴቶች መብት ደጋግማ ታስራለች። ኋላም ጣሊያን አገራችንን በወረረ ጊዜ ከ1936 ጀምሮ ስለ ኢትዮጵያ የሚሟገት ጋዜጣ በእንግሊዝ አገር ታሳትም ነበር። በ1956 ወደ አዲስ አበባ መጥታ ኖረች፤ በ1960 ዐርፋ በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ተቀብራለች። የእኛ ሕዝብ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ምርጫ ሣጥን ሲሄድ እርሷ በአዲስ አበባ ነበረች። በሁለት አገር ሁለት ጊዜ የሕዝብ ድምፅ ሲወለድ ያየች ሴት ብትባል የተገባት ነው።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። «ፓርላማ የፈረንጅ ነገር ነው» ለሚሉት የመጀመሪያው መልሴ ይህ ነው። ተሰብስቦ መምከርና ሹምን በሕግ መገደብ ለእኛ እንግዳ አይደለም። የኦሮሞ ሕዝብ በገዳ ሥርዐት ሥልጣን በየስምንት ዓመቱ ከእጅ ወደ እጅ ሲያስተላልፍ፣ በኦዳ ዛፍ ሥርም ተሰብስቦ ሕግ ሲደነግግ ኖሯል። በዚሁ በድሬዳዋ ዙሪያ የሚኖሩት የኢሳ ሶማሌዎች ሔር በሚባለው ያልተጻፈ ሕጋቸው ይተዳደራሉ፤ መሪያቸው ኡጋዝም ከዚያ ሕግ በታች እንጂ በላይ አይደለም። ገዳ በ2009 ዓ.ም.፣ ሔር ኢሳም በ2017 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም የማይዳሰስ ቅርስ ሆነው ተመዝግበዋል። በደጋው አገርም ቢሆን አፈርሳታ ሲደረግ መንደሩ ሁሉ ተሰብስቦ ወንጀለኛውን ያወጣጣ ነበር። ስለዚህ የእንግዳ ነገር የሚመስለው የሕንፃውና የወንበሩ ዐይነት ነው እንጂ ምክሩ አይደለም።

ፓርላማ በሚለው መልኩ ግን ምክር ቤት ወደ አገራችን የመጣው በሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. በወጣው ሕገ መንግሥት ነው። ረቂቁን ያዘጋጁት በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ናቸው። እኒህ ሰው በሩሲያ አገር የተማሩ፣ የጨርጨር ገዢ ሆነው አሰበ ተፈሪን፣ ማለትም የዛሬዋን ጭሮን፣ የቈረቈሩ፣ ለእኛ ለምሥራቆች የቅርብ ሰው ናቸው። ለረቂቃቸውም የጃፓንን የ1889 ሕገ መንግሥት እንደ አብነት ተመለከቱ። ሁለት ምክር ቤቶች ተቋቋሙ፤ የሕግ መወሰኛው አባሎች በንጉሠ ነገሥቱ ይሾማሉ። የሕግ መምሪያው አባሎች ደግሞ ሕዝቡ ራሱ ለመምረጥ እስኪበቃ ድረስ በመኳንንቱና በየአገሩ ሹሞች እንዲመረጡ ተደነገገ።

አንባቢ ሆይ፤ «እስኪበቃ ድረስ» የሚለውን ሐሳብ አስተውል። እንግሊዝ አገር ለሠራተኛውና ለሴቶች ሲነገር የነበረው ቃል ይኸው ነው። በጎ ሐሳብ ያለበት ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን አንድ ጥያቄ ያስነሣል። ሕዝብ ሳይመርጥ መምረጥን ከየት ይማረዋል? ዋና የሚለመደው በውኃ ውስጥ ነው ወይስ በዳር ቆሞ?

ሁለተኛው እርምጃ የተወሰደው ጥቅምት 24 ቀን 1948 ዓ.ም. በተሻሻለው ሕገ መንግሥት ነው። ወንድም ሴትም 21 ዓመት የሞላው ሁሉ እንዲመርጥ ተፈቀደ። በ1950 ዓ.ም. መጀመሪያም የመጀመሪያው ጠቅላላ ምርጫ ተደረገ። በዚያ ምርጫ የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት ዲሬክተር የነበሩት ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ ከአዲስ አበባ ተመርጠው የመጀመሪያዋ ሴት እንደራሴ ሆኑ። የስዊዘርላንድ ሴቶች በአገራቸው ጠቅላላ ምርጫ ድምፅ መስጠት የቻሉት በ1971 በአውሮፓ አቆጣጠር፣ ማለት የእኛ ሴቶች መብት ከተጻፈ ከ16 ዓመት በኋላ መሆኑን ሳስብ፣ ሁልጊዜ ከሁሉ ኋላ ነን ማለት ትክክል እንዳልሆነ ይገባኛል።

ነገር ግን መብቱ በወረቀት ላይ ሰፍቶ በሥራ ጠበበ። የፖለቲካ ፓርቲ አልነበረም፤ ለመመረጥም ንብረት ያስፈልግ ነበር፤ የሕግ መወሰኛው አባሎች እንደ ቀድሞው በሹመት ይገቡ ነበር። በየካቲት 1957 የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች «መሬት ለአራሹ» እያሉ ወደ ምክር ቤቱ ሄዱ፤ የባለ ርስትና የጭሰኛን ግንኙነት የሚመለከተው ረቂቅ ሕግ ግን ደጋግሞ ቢቀርብም ሳይጸድቅ ቀረ። መሬት ያለው ሰው በበዛበት ጉባኤ የጭሰኛ ነገር እንዴት ይጸድቃል? ኦልድ ሳረምን ያስታውሷል። በ1960 ዓ.ም. ደግሞ የእርሻ ገቢ ግብር ሕግ ወጣ። ሕጉ በምክር ቤት አልፎ ሳለ የጎጃም ገበሬ «ርስቴ ሊለካ ነው» ብሎ ተነሣ፤ ጦርም ተልኮ መንግሥት ግብሩን እንዳሰበው ሊያስከፍል አልቻለም። ገበሬው ምክር ቤቱን የራሱ አፍ አድርጎ ቢያየው ኖሮ ጩኸቱን ወደዚያ ይልክ ነበር እንጂ ጠመንጃ ባላነሣ ነበር ብዬ አስባለሁ።

መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ወታደሮች ንጉሠ ነገሥቱን ባወረዱበት ቀን ሕገ መንግሥቱም ታገደ፤ ምክር ቤቱም ተበተነ። ክሮምዌልን እዚህ ላይ ማስታወስ ይገባል። የ835 እንደራሴዎች ብሔራዊ ሸንጎ እስኪቋቋም ድረስ ለ13 ዓመት ያህል በሕዝብ የተመረጠ ምክር ቤት አልነበረም፤ ሸንጎውም በአንድ ፓርቲ ሥር የነበረ ስለ ሆነ ከመንግሥቱ ጋር በ1983 ወደቀ። ቀጥሎ የ1987 ሕገ መንግሥት የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤትንና የፌዴሬሽን ምክር ቤትን አቋቋመ። በአንቀጽ 54 ላይ አንድ ተወካይ የመረጠው ሕዝብ አመኔታ ሲያጣበት በሕግ መሠረት ሊወርድ እንደሚችል ተጽፏል። ጽሑፉ መልካም ነው። ሆኖም በዚሁ ሕገ መንግሥት ሥር፣ በ2007 ዓ.ም. በተደረገው ምርጫ 547ቱም ወንበሮች በገዢው ግንባርና በአጋሮቹ ተያዙ። በአንድ እጅ አይጨበጨብም፤ ተቃራኒ ሐሳብ በሌለበት ጉባኤም ክርክር አይኖርም። እንግዲህ «ጥሩ ጽሑፍ ይበቃል» ለሚሉት መልሴ ይህ ነው፤ ከ1923 ወዲህ ጽሑፍ ጎድሎብን አያውቅም።

ነገሩን ከዚህ ከምንኖርበት ከተማ ምሳሌ አምጥቼ ላስረዳ። የምድር ባቡር በ1895 ዓ.ም. እዚህ በደረሰ ጊዜ ከዚራ የተሠራችው መሐንዲሶች አስቀድመው በነደፉት ፕላን ነው፤ መንገዷ ቀጥ ያለ፣ ዛፏም በመስመር የተተከለ ነው። ከደቻቱ ማዶ ያለችው መጋላ ግን ሰው እንደ ተመላለሰባት፣ ቤት በቤት ላይ እየተጨመረ የሰፋች ናት። የእንግሊዝ ፓርላማ እንደ መጋላ ነው፤ ማንም አልነደፈውም፤ እግር የረገጠው መንገድ ነው። የእኛ ምክር ቤት ደግሞ እንደ ከዚራ ነው፤ ሰው ሳይገባበት በወረቀት ላይ ተሥሏል። ታዲያ ይህ ነውር ነውን? አይደለም። ከዚራን የነደፉት ሰዎች ለባቡሩ ሥራ ብለው ነበር፤ ዛሬ ግን በዛፎቹ ጥላ ሥር የሚያርፈው፣ በመንገዱም የሚመላለሰው የድሬዳዋ ሰው ነው፤ ከዚራ የእርሱ ሆናለች። ከላይ የተነደፈ ነገር የሕዝብ የሚሆነው ሕዝብ ሲኖርበት ነው።

ምናልባት አንድ ተቃዋሚ «እንግሊዝ ሰባት መቶ ዓመት ወሰደባት፤ እኛስ ያን ያህል እንጠብቅ?» ብሎ ይጠይቀኝ ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሴም አንጠብቅም የሚል ነው። ባቡሩን እኛ አልፈለሰፍነውም፤ ከጅቡቲ ተነሥቶ መጣልን እንጂ እንደ ገና ከመጀመሪያው እንድንፈለስፈው ማንም አልጠየቀንም። ነገር ግን እዚህ ድሬዳዋ በነበረው ትልቅ የጥገና ቤት ውስጥ የሠሩት አባቶቻችን ባቡርን መጠገን የቻሉት ከዳር ቆመው በማየት አልነበረም፤ እጃቸውን በግሪስ ነክረው፣ ተሳስተው፣ ተመልሰው አርመው ነው። «ባቡር መጠገን እስክትችሉ ድረስ መፍቻ አትንኩ» ቢባሉ ኖሮ ማን ይችል ነበር? ስለ ምክር ቤትም ነገሩ እንዲሁ ነው። ዕቃውን ከሌላ ማምጣት ይቻላል፤ እጁን ግን ማንም አያበድረንም።

ይህ ሁሉ ለእኛ ለተማሪዎች ምን ይጠቅመናል? እጅግ ይጠቅመናል። በየትምህርት ቤቱ የተማሪዎች ፓርላማ የሚባል አለ፤ የክፍል አለቃም አለ። እኔ በተማርሁበት በአንዱ ክፍል በመጀመሪያው መንፈቅ አለቃውን የሰየመው የክፍሉ ኃላፊ መምህር ነበር፤ ምክንያቱም «ገና ለመምረጥ አልደረሳችሁም» የሚል ነው። የተሰየመው ልጅ ጨዋ ነበረ፤ ነገር ግን የመምህሩ ሰው እንጂ የእኛ ሰው አድርጎ ያየው ስላልነበረ የሚሰማው አልተገኘም። በሁለተኛው መንፈቅ እጅ በማውጣት እንድንመርጥ ተፈቀደ። ብዙው ተማሪ እጁን ከማውጣቱ በፊት ጉልበተኞቹ ወደተቀመጡበት ወንበር ዞሮ ሲያይ በዐይኔ አየሁ። ዝምተኛ ግን አስተዋይ የሆነች አንዲት ልጅ አራት ድምፅ ብቻ አገኘች። በተከታዩ ዓመት ግን በወረቀት ጽፈን በካርቶን ውስጥ እንድንከት ጠየቅንና ተፈቀደልን፤ ያችው ልጅ በብዙ ድምፅ አሸነፈች። የእንግሊዝ ሕዝብ በ1872 ያገኘውን ነገር እኛ በአንዲት ካርቶን አገኘነው።

የተመረጠችውም ልጅ በመጀመሪያው ሳምንት ያደረገችው ነገር ለመጥረጊያና ለፎቶ ኮፒ ያዋጣነውን ገንዘብ ስንት እንደ ሆነና ለምን እንደ ዋለ በክፍሉ ፊት ማንበብ ነበር። ከዚያ በኋላ መዋጮውን ያለመክፈል ልማድ በጣም ቀነሰ። ሰው ገንዘቡ የት እንደ ደረሰ ሲያውቅ በፈቃዱ ይሰጣልና። የማግና ካርታ ትምህርት ይኸው አይደለምን?

ስለዚህ ለትምህርት ቤታችን ሦስት አሳቦች በትሕትና አቀርባለሁ። አንደኛ፣ የክፍል አለቆችና የተማሪዎች ፓርላማ አባሎች ሁሉ በምስጢር ድምፅ ይመረጡ። ሁለተኛ፣ ተማሪ የሚያዋጣው ገንዘብ ሒሳቡ በየመንፈቁ በሰሌዳ ላይ ይለጠፍ። ሦስተኛ፣ በተማሪዎች ፓርላማ ስብሰባ በትሕትና የተነገረ ቃል ተናጋሪውን እንዳያስቀጣው ይወሰን፤ እንግሊዞች ይህን በ1689 ጽፈውታል። መምህራኖቻችን ይህን በማድረጋቸው ክብራቸው የሚቀንስ አይምሰላቸው። ዊሊያም ሌንታል ተንበርክኮ ነበር የተናገረው፤ ትሕትናና ጽናት አብረው ይሄዳሉና። ተማሪውም በበኩሉ የተሸነፈ ጊዜ ማኵረፍን ትቶ ያሸነፈውን ማገዝ፣ ያሸነፈ ጊዜም የተሸነፈውን ማክበር መማር አለበት። ይህን ያልተማረ ሰው ነገ ትልቅ ወንበር ላይ ቢቀመጥ ወይ ክሮምዌል ይሆናል ወይ ኦልድ ሳረም።

የድሬዳዋ አስተዳደር ምክር ቤት 189 መቀመጫ አለው፤ በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤትም ከተማችን 2 ወንበር አላት። በእነዚያ ወንበሮች ላይ የሚቀመጡት ሰዎች ከሰማይ አይወርዱም፤ ዛሬ በዚህ ትምህርት ቤት አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው የክፍል አለቃ ከሚመርጡትና ከሚመረጡት መካከል ይወጣሉ። እኛም 18 ዓመት ሲሞላን መራጮች እንሆናለን። በዚያን ቀን «ገና አልበቃችሁም» የሚል ሰው ቢመጣ፣ የበቃነው በመምረጥ ነው ብለን ለመመለስ እንችል ዘንድ ከአሁኑ በክፍላችን እንጀምር።